አርተር ራምቦ፥ ከቡና መጋዘን እስከ ሐረር ገበያ

ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ብዙዎቻችን የምናገኘው የመጀመሪያ ሥራ የታወቀ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መሸጥ፥ በባንክ መስኮት ደንበኛ መቀበል፥ በእህል መጋዘን በር ላይ ሚዛን መያዝ። ከማሻም ሆነ ከመካነ ሰላም የምንወጣ ልጆች ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት አሳባችን በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለው ሥራ ሰውን ባለበት የሚያስቀር ነው እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ዛሬ ማርኬቲንግ የሚባለውን ሙያ፥ ይኸውም ገበያን ማጥናትና ዕቃን ከሚፈልገው ሰው ጋር ማገናኘትን፥ በእውነት የሚያውቁት ከዚሁ ከታችኛው በር የገቡት ናቸው ብለን እንከራከራለን። እኔ በክርክሩ አንድ ወገን ይዤ ብዙ ከጮኽሁ በኋላ፥ በአገራችን ምድር ይህን መንገድ በእግሩ የሄደ አንድ ሰው መኖሩን ተረዳሁ። ታሪኩ የእኔን ወገን ብቻ የሚደግፍ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ስለዚህም ነው ልጽፈው የወደድሁት።

ይህ ሰው አርተር ራምቦ ይባላል። ሐረርን ያየ ሰው በጀጎል ግንብ ውስጥ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጠራውን፥ ባለቀለም መስታወት ያለውን ትልቅ ቤት ያስታውስ ይሆናል። ያ ቤት አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው እንጂ ራምቦ የኖረበት እንዳልሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ፤ ስሙ ግን ቀርቶበታል። ፈረንሳዮች ራምቦን የሚያከብሩት በባለቅኔነቱ ነው። እኔ የማወራው ስለ ነጋዴው ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ራምቦ የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ነው። አባቱ የጦር ሻምበል ነበረ፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ቤቱን ጥሎ ሄደና ሳይመለስ ቀረ። እናቱ ከገበሬ ወገን የተወለዱ፥ ገንዘብ ቈጣቢና ብርቱ ሴት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን በጥብቅ ሥርዓት አሳደጉ። አርተር በትምህርት ቤት ሽልማት ከሚቀበሉት አንደኛው ነበረ፤ በላቲን ቋንቋ ግጥም በመጻፍ የሚወዳደረው አልተገኘም። ከ15 ዓመቱ ጀምሮ በፈረንሳይኛ የጻፋቸው ቅኔዎች ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው። ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ብዕሩን ጣለ። ለምን እንደ ጣለው እስከ ዛሬ መጻሕፍት ይጻፉበታል፤ ሰውየው ራሱ ግን ምክንያቱን ለማንም አላስረዳም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመንከራተት ዘመን ነው። በ1876 በሆላንድ ቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ሄደ፤ እዚያም ሲደርስ ከድቶ ተመለሰ። በ1878 መጨረሻ በቆጵሮስ ደሴት በአንድ የድንጋይ መፍለጫ የሠራተኞች ተቈጣጣሪ ሆነ፤ ታሞም ወደ አገሩ ገባ። በ1880 እንደ ገና ወደ ቆጵሮስ ሄደ፤ ከዚያም ለቅቆ በቀይ ባሕር ወደቦች፥ በጅዳ፥ በሱዋኪን፥ በምፅዋ ሥራ እየለመነ ወረደ። በየመን የባሕር ዳርቻ በሆዴይዳ ታሞ ሳለ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ አዘነለትና በኤደን ከተማ ላሉ ወዳጆቹ እንዲያሳዩት መራው። ዕድሜው 25 ነበረ። በላቲን መግጠም የሚያውቅ፥ ነገር ግን የሚያበላ ሙያ ያልያዘ ሰው ነበረ ማለት ነው። ከእኛ መካከል ብዙ የተማረ ስለ ሆነ ብቻ ትልቅ ወንበር የሚጠብቀው ቢኖር ይህን ቦታ ደግሞ ቢያነበው አይከፋም።

በኦገስት 1880 የባርዴ ኩባንያ በኤደን ተቀበለው። ኩባንያው ቡና እየገዛ ወደ ማርሴይ የሚልክ የፈረንሳይ የንግድ ቤት ነበረ። ለራምቦ የተሰጠው ሥራ የቡና ለቀማውን መቈጣጠር ነው። ቡናው በጆንያ ከገባ በኋላ ሴቶች ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ፥ ጠጠሩንና ገለባውን ይለቅማሉ፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የህንድ ወታደሮች ሚስቶች ነበሩ። የተለቀመው ይመዘናል፥ በጆንያ ይሰፋል፥ ምልክት ይጻፍበታል፥ ወደ መርከብ ይጫናል። ራምቦ ዐረብኛ በመጠኑ ያውቅ ስለ ነበረ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ደመወዙ በቀን ስድስት ፍራንክ ገደማ ነበረ። ለቤተ ሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ስለ ሙቀቱ፥ ስለ ደመወዙ ማነስ፥ ውኃና ዛፍ ስለሌለበት ስለ ኤደን ድንጋይ ያለማቋረጥ ያማርር ነበር።

ይሁን እንጂ እንዲህ ባለ መጋዘን የሚውል ሰው ሳያውቀው ይማራል። የቡናውን ፍሬ በእጁ ስለሚዳስስ ደህናውን ከመጥፎው ይለያል፤ ሻጩ የት ላይ እንደሚያታልል፥ ሚዛን የት ላይ እንደሚሸሽ ያያል። በገዢው አገር የሚፈለገው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ምን ዓይነቱም እንደሚመለስ ይሰማል። ይህ ሁሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ በደብተር ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም። ለዚህም ምልክቱ፥ ራምቦ በተቀጠረ በሦስት ወር ውስጥ ጌቶቹ አዲስ በከፈቱት በሐረር ቅርንጫፍ እንዲሠራ መምረጣቸው ነው። ውሉ በወር 150 ሩፒና ከሐረሩ ንግድ ትርፍ ላይ ከመቶ አንድ እንዲያገኝ የሚል ነበረ። መቶኛዋ ትንሽ ናት፤ ግን ከደመወዝተኛነት ወደ ነጋዴነት የምታሸጋግር የመጀመሪያዋ ደረጃ እሷ ናት ብዬ አስባለሁ።

ከዘይላ ተነሥቶ በሶማሌ በረሃ ሃያ ቀን በፈረስ ተጕዞ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ። በዚያ ዘመን ሐረርን የያዟት ግብፆች ነበሩ፤ ከ1875 ጀምሮ ገብተውባት ነበር። ባለ አምስት በር በሆነው ግንብ ውስጥ የሐረሪ፥ የኦሮሞ፥ የሶማሌ፥ የአርጎባና የዐረብ ነጋዴ ይገናኛል። የሚወጣው ቡና፥ ቆዳ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ሙጫ ነው፤ የሚገባው በተለይ አቡጀዲ ነው። ኤደን ሳለ የራምቦ ፊት ለቃሚ ሴቶችን ያይ ነበር፤ እዚህ ግን ፊቱን ወደ ሻጭና ወደ ሸማች ማዞር ግድ ሆነበት። ቡናውን የሚያመጣው ገበሬ ገንዘብ አይሻም ይሆናል፤ የሚሻው አቡጀዲ ነው፤ አቡጀዲውም በስፋቱና በጥንካሬው ተመርጦ እንጂ ዝም ብሎ አይወሰድም። ስለዚህ ቡና ለመግዛት ጨርቅ መሸጥን ማወቅ፥ ጨርቅ ለመሸጥም የለባሹን ፍላጎት ማወቅ ያስፈልጋል። ቆዳ ፍለጋ ከከተማ ርቆ እስከ ቡባሳ ተጓዘ። ዐረብኛውን አሻሻለ፤ ኦሮምኛ፥ ሐረሪኛና አማርኛ ያለ አስተርጓሚ እስኪነግድ ድረስ ለመደ ይባላል። ቋንቋ ያላወቀ ነጋዴ ደላላው የነገረውን ብቻ ይሰማልና፥ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

በ1881 መጨረሻ ወደ ኤደን ተመለሰ፤ በ1883 ደግሞ የሐረሩ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኖ መጣ። በዚህ ጊዜ ከፈረንሳይ ያስመጣውን የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ ከጥንታዊ የሐረር ፎቶግራፎች መካከል የእሱ ይገኙባቸዋል። እናቱንም የእጅ ጥበብ፥ የማዕድንና የውኃ ሥራ መጻሕፍት እንዲልኩለት ይለምናቸው ነበር። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን ስለ ኦጋዴን የጻፈው ነው። የሥራ ባልደረባውን ሶቲሮ የተባለውን ግሪካዊ ወደ ኦጋዴን ላከው፤ ሶቲሮ አይቶ የነገረውን ራምቦ በሥርዓት ጻፈው፤ የአገሩን አቀማመጥ፥ የሕዝቡን ኑሮ፥ የሚወጣውንና የሚፈለገውን ዕቃ ገለጸበት። ጽሑፉ በ1884 በፓሪስ በጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ዛሬ እንዲህ ያለው ሥራ የገበያ ጥናት ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት የቡና ለቀማ ተቈጣጣሪ የነበረው ሰው ነው ይህን የሠራው። እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ የእኔ ወገን ክርክሩን አሸንፎ ነበር።

ነገር ግን በሱዳን የመህዲ ጦርነት ተነሣ፤ ግብፆች ሐረርን ለመልቀቅ ተዘጋጁ፤ የባርዴ ኩባንያም ከሰረና በ1884 የሐረሩን ቤት ዘጋ። ራምቦ ኤደን ተመልሶ እንደ ገና ተቀጣሪ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ የቈጠባት ገንዘብ ትንሽ ናት። በዚህ መካከል ፒየር ላባቱ የተባለ በሸዋ የኖረ ፈረንሳዊ ነጋዴ አንድ አሳብ አመጣለት፤ ጠመንጃ ገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ መሸጥ። በ1885 መጨረሻ ተስማሙ። የገዙት በካፕሱል የሚተኰስ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ በአውሮፓ ጊዜው አልፎበት በርካሽ የሚጣል ዓይነት ነበረ። በጻፉት ወረቀት ላይ ቍጥሩ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነው። በአውሮፓ የአንዱ ዋጋ ስምንት ፍራንክ ቢሆን ነው፤ በሸዋ አርባ ፍራንክ ያወጣል ብለው አሰቡ።

በወረቀት ላይ የተጻፈ ትርፍ ምን ጊዜም ቈንጆ ነው። በታጁራ ወደብ ግመል እስኪገኝ፥ ፈቃድ እስኪመጣ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ። ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬ የተባለ ሌላ ነጋዴም በሴፕቴምበር 1886 በኤደን ሞተ። ራምቦ ብቻውን በኦክቶበር ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ፥ በመንገድ አራት ወር ፈጅቶ፥ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ በዚያ አልነበሩም፤ በጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ራምቦ እንጦጦ ወጥቶ ጠበቃቸው፤ ንጉሡም በግብፆች መለከት ታጅበው ሲገቡ አየ። ከኋላ ከተከተለው ምርኮ መካከል ሁለት የክሩፕ መድፎች ነበሩ፤ እያንዳንዱን ሰማንያ ሰው ተሸክሞታል።

እኔ ይህን ሳነብ እነዚያን መድፎች ያየ ነጋዴ ልቡ እንዴት እንደ ደነገጠ አሰብሁ። አሮጌው ጠመንጃ በበረሃ በግመል ሲጓዝ ገዢው ሌላ ሰው ሆኖ ቈይቷል። ንጉሡ የሚሻለውን መሣሪያ አይተዋል፥ ማርከዋል፤ ዕቃ ይዞ የመጣውም ነጋዴ ወደ ኋላ የሚመልስበት ግመልም ገንዘብም እንደሌለው ያውቃሉ። ራምቦ በችርቻሮ ልሽጥ ቢል አልተፈቀደለትም። ለዕቃው ሁሉ በጅምላ 14,000 ጠገራ ብር ተቈረጠለት። ከዚያም ላይ አዛዥ ወልደ ጻድቅ የከፈሉለት የግመል ኪራይ ተቀነሰ፤ ላባቱ ለንጉሡ የነበረበት ዕዳም ተቀነሰ። የቀረውንም በእጁ አልተቀበለም፤ ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተጻፈለት። በዚህ መካከል የላባቱ ሚስትና አበዳሪዎች ሁሉ እየመጡ ድርሻችንን አምጣ ይሉት ነበር። እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም መለየት አልቻለም፤ ለአንዱ ቢከፍል ሌላው ይመጣል። በኋላ ለኤደን የፈረንሳይ ቈንስል እንዳመለከተው ከመዋዕለ ንዋዩ ከመቶው ስድሳውን አጥቷል።

የፈረንጅ ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ ንጉሡን ያማሉ። እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን አያለሁ። ምኒልክ ብልህ ገዢ ነበሩ፤ ለጊዜው ያለፈበት ዕቃ የጊዜውን ዋጋ ሰጡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የተገኘው ድል እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ከተሰበሰበ መሣሪያ ጋር ግንኙነት የሌለው አይደለም። ጥፋቱ የራምቦ ነበረ። ቡናን ፍሬ በፍሬ የሚያውቀው ሰው ጠመንጃውን ያወቀው ላባቱ በነገረው ብቻ ነው፤ ገዢውንም በዓይኑ ሳያይ ነው ገንዘቡን ያፈሰሰው። በሐረር በቈየባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ስሕተት ሲሠራ አናይም፤ ምክንያቱም በየቀኑ ከሸማቹ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር።

በሜይ 1887 ቦሬሊ ከተባለ ፈረንሳዊ መንገደኛ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ሐረር ተጓዘ። ያ መንገድ በዚያን ጊዜ ለአውሮፓውያን አዲስ ነበረ፤ ራምቦም ማረፊያዎቹንና ርቀቱን በጥንቃቄ ጻፈ። ከሐረር ገንዘቡን እንደምንም ተቀብሎ በምፅዋ በኩል ካይሮ ገባ። ስምንት ኪሎ ያህል ወርቅ በወገቡ ታጥቆ በመዞሩ ታሞ እንደ ነበረ ጽፏል፤ በካይሮ በባንክ ያስቀመጠው 16,000 ፍራንክ ነበረ። እዚያ ሳለ ስለ ሸዋና ሐረር ንግድ የጻፈው ጽሑፍ በአንድ የካይሮ ጋዜጣ ታተመ። በዚያው ሰሞን በፓሪስ ቅኔዎቹ እየታተሙ ስሙ ይነሣ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ሲነግሩት ንቆ ያልፈዋል።

በ1888 እንደ ገና ወደ ሐረር ወጣ፤ አሁን ግን የማንም ተቀጣሪ አልሆነም። በኤደን ካለው ሴዛር ቲያን ከተባለ ነጋዴ ጋር ተስማምቶ የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ። በእንጦጦ በኩል የሚገናኘው ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ነበረ፤ ይህ ስዊሳዊ ኢንጂነር የምኒልክ አማካሪ ሆኖ ኋላ በ1894 የምድር ባቡሩን ፈቃድ የተቀበለው ነው። ራምቦ አቡጀዲ፥ ሐር፥ ጨሌ፥ የቤት ዕቃ ከባሕር እያስመጣ ያከፋፍላል፤ ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይልካል። ዘመኑ ክፉ ነበረ። ከብት ያለቀበት፥ ረኀብና በሽታ አገሩን የጨረሰበት፥ አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ነው። ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የግመል ኪራይ ይወደዳል፤ ክፍያ ከወር ወደ ወር ይዘገያል። ደጃዝማች መኰንን ደግሞ በዚሁ በወሎ ምድር በውጫሌ በ1889 ውሉ ከተፈረመ በኋላ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄደው ነበር። ተመልሰው ራስ ከተባሉ በኋላም ከራምቦ ጋር መልካም ግንኙነት ነበራቸው፤ ምንም እንኳ ስለ ሒሳብ መካሰሳቸው ባይቀር ያምኑት ነበር።

ስለዚህ ዘመን የሚያስቀኝም የሚያስተምረኝም አንድ ነገር አለ። ራምቦ ለኢልግ ወደ ሸዋ ከላከው ዕቃ መካከል የካቶሊኮች መቍጠሪያና መስቀል፥ ደግሞም የማስታወሻ ደብተርና የመጻፊያ ወረቀት ይገኝበታል። ዕቃው ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ከሸዋ ወጥቶ ወደ ሐረር እንዲመለስ አዝዘው ነበር። ኢልግ እየቀለደ ጻፈለት፤ መቍጠሪያውን ለመሸጥ ቀርቶ በስጦታ ለመስጠት እንኳ እንደሚፈራ፥ ሰው ልብሱን የለወጠ ሚስዮናዊ ነው ብሎ እንዳይጠረጥረው እንደሚሠጋ አስታወቀው። መጻፍ ለማያውቅም ሰው የመጻፊያ ወረቀት መሸጥ ከዐቅም በላይ መሆኑን ነገረው። እዩት እንግዲህ፥ ዐሥር ዓመት በንግድ የቈየ ሰው ነው። በሐረር ያለውን ሸማች ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከሐረር ወዲያ ያለውን ግን በመገመት ይልክ ነበር። ያገለገሉትን ደንበኛ ማወቅ ያላዩትን ደንበኛ ማወቅ አይደለም፤ የክርክር ወገኖቼን የምቃወምበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ሌላም መሸሸግ የማይገባኝ ነገር አለ። በ1889 መጨረሻ ራምቦ ለኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንዲት ጥሩ በቅሎና ሁለት የባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቋል። ኢልግ እንዲህ ያለ ነገር ገዝቶ እንደማያውቅና ወደ ፊትም እንደማይገዛ ነግሮ እምቢ አለው። ራምቦ ባሪያ ፈንጋይ ነበረ ብለው በኋላ የጻፉ ነበሩ፤ አጥኚዎች መርምረው ማስረጃ አላገኙለትም። ይሁን እንጂ ሰውን ከበቅሎ ጋር በአንድ መስመር መጻፉ ለዚያ ዘመን ልማድ ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ጌታው አልፍሬድ ባርዴ ደግሞ ራምቦ በስውር ለድኾች የሚሰጥ ቸር ሰው እንደ ነበረ መስክሯል። ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጕልበቱ አበጠ። መጀመሪያ በእግሩ ብዙ ስለሚሄድ የመጣ መስሎት ችላ አለው። በማርች መጨረሻ መቆም ስላልቻለ አልጋውን ዕቃው በሚመዘንበት ግቢ ትይዩ አዘርግቶ፥ ተኝቶ ሚዛኑን ይጠብቅ ነበር። ሙያው ምን ያህል እንደ ገባበት የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ነገር አላገኘሁም። በኋላ ሁሉን በችኰላ በኪሳራ ሸጠ። ራሱ ባዘዘው መሠረት ሸራ የለበሰ ቃሬዛ ተሠራለትና ኤፕሪል 7 ቀን በዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ከሐረር ወጣ። አንድ ጊዜ ድንኳኑ ከኋላ ቀርቶ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ላይ ተኝቶ አደረ። በዐሥራ ሁለት ቀን ዘይላ ደረሰ። ከቲያን ጋር ሒሳቡን ሲዘጋ የደረሰው ከ36,000 ፍራንክ በላይ ነበረ። በኤደን ሲቀጠር በነበረው የቀን ደመወዝ ብናስበው ሳይበሉና ሳይጠጡ የስድስት ሺህ ቀን ሥራ ማለት ነው። እንግዲህ የታችኛው ሥራ ወደ ላይ ያደርሳል ወይ ለሚለው፥ ራምቦን አድርሶታል፤ ከለቀማ ተቈጣጣሪነት ተነሥቶ በዐሥር ዓመት ውስጥ በሐረር የታወቀ፥ ራስ መኰንን የሚያምኑት ነጋዴ ሆኗል። የወሰደበትንም ዋጋ አብሮ መቍጠር ነው።

በማርሴይ ሆስፒታል በሜይ 27 ቀን ቀኝ እግሩ ተቈረጠ። ራስ መኰንን ይህን ሰምተው የሐዘን ደብዳቤ ጻፉለት። ለጥቂት ሳምንታት ወደ እናቱ ቤት ተወስዶ ነበር፤ ነገር ግን በሽታው ጸናበትና በኦገስት ወደ ማርሴይ ተመለሰ፤ አሳቡ ከዚያ በመርከብ ወደ ኤደንና ወደ ሐረር ለመሄድ ነበር። እኅቱ ኢዛቤል አስታመመችው። ጃሚ የተባለውን የሐረር ታማኝ አገልጋዩን ስም ያነሣ ነበር፤ 3,000 ፍራንክም እንዲሰጠው ተናዘዘ።

ኖቬምበር 9 ቀን ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ሹም የሚላክ ደብዳቤ በቃሉ እየተናገረ እኅቱን አጻፋት። ደብዳቤው በዝሆን ጥርስ ቍጥር ይጀምራል፤ አንድ ጥርስ ያለበት፥ ሁለት ጥርስ ያለበት፥ ሦስት፥ አራት እያለ የዕቃውን ድርሻ በተራ ያስቈጥራል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የዝሆን ጥርስ አልነበረም። ቀጥሎም ሰውነቱ መንቀሳቀስ ስለማይችል አስቀድሞ መሳፈር እንደሚፈልግ ገለጸና፥ ወደ መርከቡ የሚሸከሙት በስንት ሰዓት እንደ ሆነ እንዲያስታውቁት ጠየቀ። በማግሥቱ ጧት ሞተ፤ ዕድሜው 37 ዓመት ነበረ።